ጥርስ ነክሶ፣ አንገት ደፍቶ፦ መንጋጋና አንገት ምን አገናኛቸው?

አክስቴ ጎንደር፣ አዘዞ ነው የምትኖረው። ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል ታገኟታላችሁ። ግራ እጇ ባዘቶውን ይዟል። ቀኝ እጇ እንዝርቱን ጭኗ ላይ ያሾረዋል። አንገቷ ወደ ፊት ሰግጓል፤ ዓይኗ ከክሩ አይነሳም። ክሩ እየቀጠነ ሲመጣ፣ እንዳይበጠስባት ስትጨነቅ፣ ጥርሷን ግጥም ታደርጋለች። ያኔ ከጆሮዋ ዝቅ ብሎ፣ ጉንጯ መጨረሻ ላይ፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል ነገር ብቅ ትላለች። ክሩ እንዝርቱ ላይ ሲጠመጠም ትጠፋለች። ቀጣዩ ክር ሲጀመር እንደገና ብቅ።

ያቺ ብቅ የምትል ነገር ጡንቻ ናት። ዛሬ የምጽፈው ስለ እሷ ነው።

ባለፈው ክረምት አክስቴ "ጆሮዬን ይወጋኛል" ማለት ጀመረች። የጆሮ ጠብታ ታዘዘላት። አንዱን ጨርሳ ሌላ ተሰጣት። ለውጥ የለም። ስትጎርስ ያማታል። ስታዛጋ መንጋጋዋ "ቋ" ይላል። ጠዋት ስትነሳ ደግሞ ጉንጯ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ እንዳደረ ዝሎ ታገኘዋለች። በመጨረሻ ያያት ባለሙያ ጆሮዋ ደህና ነው አላት። ጣቱን ከጆሮዋ ፊት አድርጎ "አፍዎን ይክፈቱ፣ ይዝጉ" አላት። ቀጥሎ የጠየቃት ግን ስለ አንገቷ ነበር። በቀን ስንት ሰዓት አጎንብሳ እንደምትሠራ፣ እንዴት እንደምትተኛ፣ በየትኛው ጎን እንደምታኝክ። ስንወጣ ተቆጥታለች። "መንጋጋዬን አመመኝ ብል ስለ ማጅራቴ ይጠይቀኛል?" አለችኝ።

እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ጥያቄዋ ግን ለእኔም ቀላል አልነበረም። ቤቴ ገብቼ ሳነብ አመሸሁ፤ ከዚያም ወራት ሙሉ አነበብኩ። የገባኝን እነሆ።

መጀመሪያ በጣታችሁ እንጀምር። ሌባ ጣታችሁን ከጆሯችሁ ቀዳዳ ፊት ያለችውን ትንሽ ጉብታ አለፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። አፋችሁን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ከጣታችሁ ሥር አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል። መጀመሪያ ላይ እንደ በር ማጠፊያ እዚያው ይዞራል። አፋችሁ እየሰፋ ሲሄድ ግን ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ጣታችሁም ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ይቀራል። በሰውነታችን ውስጥ እንዲህ እየዞረም እየተንሸራተተም የሚሠራ መገጣጠሚያ ብዙ የለም። ከዚያ ላይ ደግሞ ግራና ቀኙ በአንድ አጥንት የተያያዙ ናቸው። ቀኙ ሳይነቃነቅ ግራው ብቻውን መሥራት አይችልም። አክስቴ ቀኝ መንጋጋ ጥርሷን ካስነቀለች ጀምሮ በግራ ብቻ ነው የምታኝከው። የሚያማት ግን ሁለቱም ጎን ነው።

በየመገጣጠሚያው፣ በመንጋጋውና በራስ ቅሉ አጥንት መካከል፣ አንዲት ቀጭን ልም አጥንት መሰል ትራስ አለች። ያ "ቋ" የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ይህች ትራስ ከቦታዋ ሸርተት ብላ ስትመለስ ነው። ድምፁ ብቻውን በሽታ አይደለም። ብዙ ሰው መንጋጋው ቋ ይላል፣ አያመውም፣ ዕድሜውን ሙሉ ያለ ችግር ይበላል። ሕመም ከሌለውና አፋችሁ እንደ ልብ ከተከፈተ ተዉት።

አሁን ወደ ጡንቻዎቹ። የታችኛው መንጋጋ ከራስ ቅላችን ጋር የተያያዘው በሁለት ትናንሽ መገጣጠሚያዎች ብቻ ነው። የቀረውን ክብደቱን የያዙት ጡንቻዎች ናቸው። ዥዋዥዌ አስቡ። መቀመጫው መንጋጋ፣ ገመዶቹ ጡንቻ። አፍ የሚዘጉት ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፤ በየጎኑ አንዳንድ። አንዱ ማሴተር የሚባለው ነው፤ ከጉንጭ አጥንት ተነስቶ መንጋጋው የሚታጠፍበት ማዕዘን ላይ ያርፋል። የአክስቴ ባቄላ እሱ ነው። ሁለተኛው ቴምፖራሊስ ይባላል። ከዓይን ጎን ጀምሮ ከጆሮ በላይ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ፣ ከጉንጭ አጥንት ሥር ሾልኮ መንጋጋ ላይ ይተሳሰራል። መዳፋችሁን ከጆሯችሁ በላይ ፀጉራችሁ ላይ አድርጋችሁ ጥርሳችሁን ብትነክሱ ሲደነድን ይሰማችኋል። ቀኑን ሙሉ ጥርሱን ሲነክስ የዋለ ሰው ማታ "ራሴን ወጥሮ ያዘኝ" የሚለው በከንቱ አይደለም። ሦስተኛው በመንጋጋው የውስጥ ገጽ የተደበቀ ስለሆነ በውጭ አይዳሰስም። አራተኛ ጡንቻም አለ፤ እሱ መንጋጋን ወደ ፊትና ወደ ጎን ይስባል፣ ሲከፈትም ያግዛል።

የመንጋጋ ቅርጽ እዚህ ላይ ነው ዋጋው የሚታየው። ፒያሳ አካባቢ ልብስ ሰፊዎች ወፍራም ጨርቅ ሲቆርጡ አይታችሁ ከሆነ፣ በመቀሱ ጫፍ አይቆርጡም። ጨርቁን ወደ መቀሱ ጉሮሮ፣ ሁለቱ ስለቶች ወደሚገናኙበት፣ ገፋ አድርገው ያስገቡታል። ወደ ማጠፊያው በቀረበ ቁጥር ኃይል ይጨምራላ። ጥርስም እንደዚያ ነው። የፊት ጥርስ ይቆርጣል፣ ይነጫል። ቆሎና አጥንት የሚቆረጠመው ግን በኋለኛው ነው። አንድ ጤናማ አዋቂ በመንጋጋ ጥርሱ ከ30 እስከ 70 ኪሎ ክብደት የሚያህል ኃይል ሊያሳርፍ ይችላል። በፊት ጥርሱ ሲነክስ የዚያ ሲሶ ቢያገኝ ነው።

የሰው ፊት ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ፊቱ አጠር፣ መንጋጋው ሰፋና ማዕዘኑ ደልደል ያለ ሰው ጡንቻዎቹ ወፈር ይላሉ፤ ንክሻውም ይጠነክራል። ፊቱ ረዘምና ጠበብ ያለ ሰው በአብዛኛው ቀለል ያለ ንክሻ አለው። ይህ ማንንም አያሳፍር፣ ማንንም አያኩራራ። ምግብ ለማላም ሁለቱም ይበቃሉ። የሚያስደንቀው ግን የቅርጹ አመጣጥ ነው። ከፊሉ ከእናት ከአባት የሚወረስ ነው። ከፊሉ ግን ከሥራ ይመጣል። አጥንት ጡንቻ ሲስበው ይጠነክራል፣ ሥራ ሲያጣ ይሳሳል። ከልጅነታቸው ለስላሳ ምግብ ብቻ እየተሰጣቸው ያደጉ እንስሳት ጠንካራ ምግብ ሲበሉ ካደጉት ያነሰ መንጋጋ እንደሚያወጡ በተደጋጋሚ ታይቷል።

የዚህን ታሪክ ረጅሙን ክፍል አገራችን ይዛዋለች። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረች ናት፤ የታችኛው መንጋጋዋም ተገኝቷል። የእሷ ወገኖች ጉንጫቸው ሰፊ፣ የኋላ ጥርሳቸው ትልልቅ ነበር። ከዚያ በ2005 ዓ.ም. እዚያው አፋር ውስጥ፣ ሌዲ ገራሩ በሚባል ቦታ፣ ቻላቸው ስዩም የሚባል ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ግማሽ መንጋጋ ከአምስት ጥርስ ጋር አገኘ። ዕድሜው 2.8 ሚሊዮን ዓመት ነው። ጥርሶቹ ቀጠን ማለት ጀምረዋል፤ የእኛ ዘር መነሻ ከሚባሉት ቀዳሚው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ድንጋይ ሥጋውን ቆረጠልን፣ እሳት ጥሬውን አበሰለልን፣ መንጋጋችንም እያነሰ መጣ። እኔ ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ራሳቸውን ሲዳስሱ ማየት ደስ ይለኛል።

እስካሁን ስለ አፍ የሚዘጉት ነው ያወራነው። አንገት የሚገባው አፍ በሚከፍቱት በኩል ነው።

ከአገጫችሁ ሥር ወደ ጉሮሯችሁ የሚወርዱ ቀጫጭን ጡንቻዎች አሉ። ከማንቁርት በላይ ካለች፣ የፈረስ ኮቴ ከመሰለች ትንሽ አጥንት ላይ ያርፋሉ። ይህች አጥንት ጉደኛ ናት። ከማንም አጥንት ጋር አትገጥምም። በጡንቻና በጅማት መሐል ተንጠልጥላ ነው የምትኖረው። ከእሷ ደግሞ ሌሎች ጡንቻዎች ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ወደ ደረት አጥንት፣ እንዲያውም አንዱ በአንገት በኩል ዞሮ በጀርባ ያለው የትከሻ አጥንት ድረስ ይሄዳል። እንግዲህ ሰንሰለቱን ተመልከቱ። ትከሻ፣ ደረት፣ የጉሮሮ አጥንት፣ አገጭ፣ መንጋጋ፣ ራስ ቅል። ከኋላ ደግሞ የማጅራት ጡንቻዎች ራስን ይዘውታል። የሠርግ ድንኳን ስትተክሉ አንዱን ገመድ ብትስቡ ምሰሶው ይዘማል፤ የቀሩት ገመዶችም ይወጠራሉ ወይ ይላላሉ። ነገሩ ይኸው ነው።

ይህን ለማየት እዚሁ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን መግባት ይበቃል። ጣራው ሞልቶ ወደ ታች የሚያዩትን የመላእክት ፊቶች ለማየት ቀና የሚሉ ምዕመናንንና እንግዶችን ልብ በሉ። አብዛኛው ሰው አፉ ይከፈታል። አድናቆት ብቻ አይደለም የከፈተው። ራስ ወደ ኋላ ሲዘነበል የፊት ገመዶች ይወጠራሉ፤ መንጋጋውን ወደ ታችና ወደ ኋላ ይስቡታል። አፍን ለመዝጋት የላይኞቹ ጡንቻዎች ተጨማሪ ሥራ መሥራት አለባቸው።

ቤታችሁ ሆናችሁም መሞከር ትችላላችሁ። ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ። ጥርሳችሁን ቀለል አድርጋችሁ ደጋግማችሁ አጋጩ። ከዚያ ጣራውን እያያችሁ እንደዚያው አድርጉ። ከዚያ አገጫችሁን ወደ ደረታችሁ አስጠግታችሁ ድገሙት። ጥርሳችሁ ቀድሞ የሚነካካበት ቦታ ይለያያል። ቀና ስትሉ ወደ ኋላ፣ ስታቀረቅሩ ወደ ፊት። ጥርሳችሁ አልተለወጠም። የተለወጠው አንገታችሁ ነው።

አሁን የአክስቴን አቀማመጥ፣ ወይም የእኔን በኮምፒውተር ፊት፣ አስቡት። ራሳችን ከ4 ተኩል እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልታችሁ ደረታችሁ ላይ ብታቅፉት ረጅም መንገድ ትሄዳላችሁ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ብትይዙት ግን ደቂቃም አትቆዩ። አንገት ሲሰግግ ራስ ማለት ያ የተዘረጋ ጀሪካን ነው። ማጅራት ይሸከማል። ዓይን ፊት ለፊት ማየት ስላለበት ደግሞ የአንገት የላይኛው ክፍል ወደ ኋላ ይቀለበሳል፤ አገጭ ይወጣል። ከፊት ያሉት ገመዶች መንጋጋውን ይጎትታሉ፣ የመዝጊያ ጡንቻዎች ደግሞ አፉ እንዳይከፈት ይይዛሉ። ኃይሉ ትንሽ ነው። ለአንድ ሰዓት ምንም አይደለም። ለዓመታት፣ በየቀኑ፣ ለስድስት ለሰባት ሰዓት ሲሆን ግን ሌላ ነው። ባጃጅ የሚነዳው፣ ባንክ መስኮት የሚቀመጠው፣ ጉባኤ ቤት መጽሐፉ ላይ ተደፍቶ የሚውለው ተማሪ፣ ስልኩ ላይ ያቀረቀረው ልጄ፣ ሁሉም በየመልኩ እዚህ ውስጥ አሉ።

ሌላም መንገድ አለ፤ እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ እሱ ነው። የፊትንና የመንጋጋን ስሜት የሚያደርሰው አምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ ነው። ከላይኛው የአንገት ክፍል የሚነሱት ሦስት ነርቮችም የራሳቸውን መልእክት ይልካሉ። ሁለቱም መልእክት የሚደርሰው አንጎል ከሕብለ ሰረሰር ጋር በሚገናኝበት አካባቢ፣ አንድ ቦታ ላይ ነው። ሁለት ጎረቤት በአንድ በር ሲጣራ ውስጥ ያለው ሰው ማን እንደጠራው አንዳንዴ ይምታታበታል። ስለዚህ የታመመው ማጅራት ሆኖ ሕመሙ ጉንጭ ላይ ወይም ዓይን ጎን ሊሰማ ይችላል። የታመመው መንጋጋ ሆኖ ጆሮ የሚወጋውም ከዚህ ብዙ የማይርቅ ጉዳይ ነው። አክስቴ አልዋሸችም። ጆሮዋን ነው የሰማት።

እዚህ ጋ ግን ቆም ማለት አለብኝ። ይህን ነገር አጋንነው የሚሸጡ ሰዎች አሉና። "ጥርስህ ስለማይገጥም ነው ጀርባህ የጎበጠው"፣ "እግርህ ጠፍጣፋ ስለሆነ ነው መንጋጋህ የሚያምህ" የሚል ወሬ በማኅበራዊ ሚዲያ ሞልቷል። ለዚህ አጥጋቢ ማስረጃ የለም። አንገትና መንጋጋ ግን ጎረቤት ናቸው። ሁለቱ አብረው መታመማቸው በደንብ የታወቀ ነው። የራስ አቀማመጥ የማኘኪያ ጡንቻዎችን ሥራ እንደሚለውጥም በመለኪያ ይታያል። ይሁን እንጂ አንገቱ የሰገገ ሁሉ መንጋጋውን አያመውም፤ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰውም ያመዋል። ደግሞ ሕመሙ ራሱ ሰውን ያጎብጠዋል። ስለዚህ አቀማመጥ ከብዙ ምክንያቶች አንዱ ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም። "አቀማመጥህን ላስተካክል" ብሎ ጥርስ ሊሞርድላችሁ የሚነሳ ካለ ሌላ ባለሙያ ጠይቁ። የተሞረደ ጥርስ አይመለስም። የመንጋጋ ሕመም አብዛኛው በቀላል፣ ጉዳት በሌለው እርዳታ የሚሻል ነው።

ከሌሎቹ ምክንያቶች አንዱ ላይ ግን ልቆይ፤ ምክንያቱም ቋንቋችን ውስጥ ነው ያለው። አክስቴ ልጆቿን ብቻዋን ነው ያሳደገችው። "ጥርሴን ነክሼ ነው ያሳደግኋቸው" ትላለች። ሁላችንም ይህን አባባል ሰምተነዋል፤ ብለነዋልም። "ቻለው፣ ጥርስህን ንከስ።" ጨዋ ሰው ስናሞግስ ደግሞ "አንገቷን ደፍታ የምትኖር" እንላለን። ትዕግሥትና ትሕትና ናቸው፤ እወዳቸዋለሁ። ግን ሰውነት አባባሉን ቃል በቃል ይወስደዋል። በሐሳብ የተያዘ ሰው ሳያውቀው ጥርሱን ይገጥማል። ሌሊትም ሊያፋጭ ይችላል። ጤናማ ሰው ሲያኝክም ሲውጥም ጥርሱ በትክክል የሚነካካበት ጊዜ ሲደመር በቀን ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የቀረውን ጊዜ ከላይና ከታች ጥርስ መሐል ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት። ይህን ስነግራቸው ብዙ ሰዎች ይደነግጣሉ። አፍ ሲዘጋ ጥርስም መዘጋት ያለበት ይመስላቸዋል።

ማስቲካ ቀኑን ሙሉ ማኘክ፣ ጫት በአንድ ጉንጭ ይዞ ለሰዓታት መቀመጥም መገጣጠሚያውንና ጡንቻውን ያለ ዕረፍት ያሠራል። ቆሎ ግን ጠላት አይደለም። ጤነኛ መንጋጋ ቆሎ ይወዳል። የታመመ መንጋጋ ነው ለጥቂት ሳምንት ከቆሎና ከደረቅ ዳቦ ቆሎ ዕረፍት የሚፈልገው። ዕረፍቱ ሲረዝም ጡንቻው ይደክማልና ሲሻል መመለስ ነው።

አክስቴን የረዳት ምን ነበር? አንዱ ፊደል ነው። "ን" በሉና እዚያው ላይ ቁሙ። ምላሳችሁ ከላይኛው የፊት ጥርስ ጀርባ ላንቃ ላይ አርፏል። ጥርሳችሁ ተለያይቷል። አሁን ድምፁን ትታችሁ ከንፈራችሁን ግጠሙ። መንጋጋ የሚያርፈው እንዲህ ነው። ሁለተኛው ሙቅ ውሃ የነካው ጨርቅ ነው፤ ማታ ማታ ጉንጯ ላይ ለሩብ ሰዓት ያህል። ሦስተኛው ወንበሯ ነው። በርጩማውን ትታ መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ በየግማሽ ሰዓቱም ተነስታ ደጅ ደርሳ ትመለሳለች። ፍጹም የሚባል አቀማመጥ የለም። ቀጥ ብሎ ደርቆ መዋልም ያደክማል። ዋናው መቀያየሩ ነው። ፊዚዮቴራፒ ክፍል ደግሞ አንገቷንና መንጋጋዋን የምታንቀሳቅስበት ቀላል እንቅስቃሴ አሳዩዋት። የምታዛጋ ከሆነ አገጯን በጡጫዋ ደገፍ ታደርጋለች። ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታስተምር የኖረች ከተማ ናት፤ የጥርስ ሐኪምም ፊዚዮቴራፒስትም እዚሁ ታገኛላችሁ። ሁለቱንም ጠይቁ።

ቤት ውስጥ የማይሞከሩ ነገሮች ግን አሉ፤ እዚህ ላይ እለምናችኋለሁ። መንጋጋ ላይ የመጣ ሕመም ከደረት መጨነቅ፣ ከላብ፣ ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከሆነ የልብ ሊሆን ይችላል፤ ሳትዘገዩ ሆስፒታል። ዕድሜው ከ50 በላይ የሆነ ሰው አዲስ የራስ ምታት ይዞት፣ ሲያኝክ መንጋጋው እየዛለ፣ ዓይኑም ከደበዘዘ ያው ነው፤ ዓይን ሊጠፋ ይችላል። ቁስል ወይም ሚስማር የወጋው ሰው አፉ አልከፈት ካለ መንጋጋ ቆልፍ ሊሆን ይችላል፤ ስሙን አያቶቻችን በደንብ ነው ያወጡለት። እብጠትና ትኩሳት፣ የፊት መደንዘዝ፣ ከምት በኋላ የጥርስ አለመግጠምም ሐኪም ይፈልጋሉ። ሲያዛጋ መንጋጋው ወልቆ የቀረበትን ሰው ደግሞ ጎረቤት ተሰብስቦ እንዳይመልሰው።

ባለፈው እሑድ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ወንበሯን ደጅ አውጥታ ትፈትላለች። እንዝርቷ ጫፍ ላይ ቀይ ክር አስራለች። ምንድን ነው ስላት "ባየሁት ቁጥር 'ን' እንድል ነው፣ ልጄ" አለችኝ። ቆሎ አቀረበችልኝ፤ እሷም ጥቂት ዘገነች። በግራ ጀመረች፣ ትዝ አላትና ወደ ቀኝ አዛወረችው። ከዚያ ወደ ክሯ ተመለሰች። ጉንጯን እያየሁ ቆየሁ። ክሩ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ሊበጠስ ደረሰ። ባቄላዋ ብቅ አለች። ቀይዋን ክር አየቻት መሰለኝ፣ ወዲያው ተመለሰች።